ወደ ውስጥ የተሳበ አዎ

ፊት አንባቢው ማሽን ለሁለተኛ ጊዜ "ፍርሃት" አለ።

ድምፁ የአውቶቡስ ፌርማታ ስም እንደሚጠራ ድምፅ ለስላሳና ግድ የለሽ ነበር። ከአልጋው ራስጌ የተሰቀለችው ሰሌዳ ቀላች። ሰዓዳ ከመስታወቱ ጀርባ እንደቆመች ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨበጠች። በንባብ ሰዓት ቤተሰብ ከመስታወቱ አያልፍም፤ ደንብ ነው።

ጥያቄው ፈጽሞ አይለወጥም። "ከልጅዎ ጋር ወደ ቤትዎ መሄድ ይፈልጋሉ?" አባቷ ይመር በትራስ ተደግፎ ወደ ድምፁ ዞር ብሎ ነበር። በሽታው ቀኝ ጎኑንና ምላሱን ወስዶበታል። ከአንገቱ በላይ የቀረለት ጥቂት ነው፤ ዓይኖቹ፣ ግንባሩና የከንፈሩ ግራ ጫፍ። ጥያቄው እንዳለቀ ቅንድቦቹ ብድግ አሉ፤ አፉ በጥቂቱ ተከፍቶ ደረቱ በአንድ ጊዜ ሞላ። ወዲያው ሰሌዳዋ ቀላች።

"አይዞሽ፣ አንድ ይቀራል" አለቻት ሲስተር አስካለ፣ የክፍሉ ነርስ፣ በሩን እየከፈተች። "የሚወስነው የነገው ነው።"

በሰዓዳ መነጽር ክንድ ላይ ያለው፣ የሰው ፊት እያነበበ ስሜቱን የሚነግራት ገላጭ፣ ጆሮዋ ሥር "ርኅራኄ" ብሎ ሹክ አለ። ሰዓዳም በዚያ ተረድታ ራሷን ነቀነቀች።

ሦስት ጊዜ የፈራ ታማሚ ጥበቃ ውስጥ ይገባል፤ በሦስተኛው ያልፈራ ግን ወደ ቤቱ ይለቀቃል። ጥበቃ ማለት የላይኛው ፎቅ ነው። ንጹህ ነው፣ ምግቡ ጥሩ ነው፣ በመስኮቱ የጦሳ ተራራ ይታያል። ቤተሰብ ግን አይገባም፤ ታማሚውም ከዚያ የሚወርደው ተገንዞ ነው። ሕጉ የወጣው በክፋት አልነበረም። መናገር የማይችሉ ሽማግሌዎችን ዘመድ ነን ባዮች እየወሰዱ የሚያሰቃዩበት ጊዜ ነበር። የሰዓዳን ጎረቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ ከገዛ ልጃቸው ዱላ ያስጣላቸው አንባቢ ነው። ያን ዕለት ሰዓዳ "አልሐምዱሊላህ፣ እንዲህ ያለ ነገርም መጣልን" ብላ ነበር።

አሁን በአንባቢው ዓይን የምትፈራው ልጅ እሷ ነበረች።

ወደ አልጋው ቀርባ የአባቷን ግራ እጅ ያዘች። ፊቱን አየችው። አንዳች ነገር የሚነግራት መስሏት ጠበቀች፤ ገላጩ "ድካም" አለ። የምታውቀው ይህንኑ ብቻ ሆነ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰው ባየች ቁጥር ይህቺን ሹክታ ስትጠብቅ ኖራለች። ደሴ ውስጥ ሰው ሲያወራ በንግግርና በመልስ መካከል አንዲት ትንሽ ዝምታ አለች፤ ገላጭ የሚናገርባት። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ዳቦ ሻጭ ሒሳብ ሲቀበል፣ ኢማሙ ለቅሶ ሲደርሱ፣ ሁሉም ያችን ዝምታ ይጠብቃል። ያለሷ መልስ የሚሰጥ ሰው ችኩል ይባላል።

"አባባ፣" አለችው፣ "እኔን ፈርተህ ነው?"

ጥያቄው ከአፏ እንደወጣ ሲስተር አስካለ ክንዷን ያዘቻት። "እንዲህ ያለ ጥያቄ ከንባብ ውጪ አይጠየቅም። እንደ ጫና ይቆጠራል። ነይ፣ ባለሙያውን አነጋግሪው።"

ባለሙያው ኪሩቤል ይባላል። የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ጠባብ ክፍሉ ውስጥ ዳቦና ሻይ ይዞ አገኘችው። ሲያያት ዳቦውን አስቀመጠ።

"ተሳስቷል" አለችው ሰዓዳ ገና ሳትቀመጥ።

"ሁሉም እንደዚያ ይላል፣ እትዬ።"

"አባቴ ሕይወቱን ሙሉ አንድ ቀን ፈርቶኝ አያውቅም። እኔ ነኝ እሱን የምፈራው።"

ኪሩቤል ፈገግ አለ። "አንባቢው እርስዎን አያውቅዎትም። አባትዎንም አያውቃቸውም። የሚያየው ቅንድብ፣ ዓይን፣ አፍ ነው። መሠረቱ የዝንጀሮ አንጎል ነው። ዝንጀሮ የሌላውን ፊት ሲያይ በጭንቅላቱ የት የት ቦታ እንደሚበራ አንድ በአንድ ተጠንቶ ከዚያ የተቀዳ ነው። ቅንድብ ብድግ፣ ዓይን ፈጠጥ፣ አፍ ክፍት፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ፤ ይኼ በመንጋው ውስጥ 'አደጋ አለ' ማለት ነው።"

"አባቴ ዝንጀሮ ነው እንዴ?"

"ሁላችንም ነን፣ እትዬ። ከላይ ጥቂት ተጨመረልን እንጂ።" ከሻዩ ፉት አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እውነቱን ልንገርዎት? አንጎል ውስጥ ፊቱ የማን እንደሆነ የሚለየው ቦታ ሌላ ነው። ፊቱ ምን እያለ እንደሆነ የሚያነበው ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱ ይነጋገራሉ። የኛ ማሽን ሁለተኛው ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያው ተቆርጦ ወጥቷል።"

"ለምን?"

"ለግል ሕይወት ጥበቃ። ማንን እንደሚያይ ማወቅ በሕግ ተከለከለ።"

ሰዓዳ መነጽሯን አስተካክላ አየችው። ገላጩ የኪሩቤልን ፊት አይቶ "እውነት" አለ፤ ምንም አልረዳትም።

ከሰዓት በኋላ አክስቷ ዘምዘም ከሐይቅ ከተማ መጣች። የይመር ታናሽ እህት ናት። ዓይኗ በግላኮማ ከጠፋ ቆይቷል፤ ስለዚህ ገላጭ ኖሯት አያውቅም። በሰዓዳ ክንድ ተመርታ እስክትገባ ድረስ በየደረጃው ስትራገም ነበር።

"ይኼ ምን ዓይነት ቤት ነው? ሰው እንዳለበት እንኳ አይሸትም። የት አለ ወንድሜ? ይምሬ! የት ነህ አንተ ሰነፍ?"

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጁን ፈልጋ አገኘች። ወሬዋን ጀመረች። ሰዓዳ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች፤ አክስቷ ሁልጊዜም ወሬኛ ነበረች።

"ያቺ ቡሬ ላም ወለደች እኮ፤ ነገሩህ?" ትንሽ ዝም አለች። "ነገሩህ አይደል! የማይረባ ጥጃ ነው፣ ቀጫጫ፣ አንተን የመሰለ።" ደግሞ ዝም። "አዎና! አሁንማ እውነቱን አመንክ። ያ የሰፋህልኝ ካፖርትስ? አሁንም አለ፣ ክንዱ ብቻ ነው የሳሳው። ነው፤ የዚያን ጊዜ ሱፍ ሌላ ነበር።"

ሰዓዳ ቀና አለች። የአክስቷ ዝምታዎች የገላጭ ዝምታ አልነበሩም። አንድ ሰው የሚናገርባቸው ነበሩ።

"አክስቴ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ከወንድሜ ጋር ነዋ! ከማን ጋር ላወራ ነው? ከግድግዳው ጋር?"

"እሱ መናገር አይችልም እኮ።"

"ምን አይችልም? 'አዎ' እያለኝ ነው። ጆሮሽን ሸጥሽው?" ዘምዘም ወደ አልጋው ዞረች። "ይምሬ፣ ልጅህ ደነቆረች?"

ሰዓዳም ሰማችው። አጭር፣ ስስ ድምፅ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ፤ ጉሮሮው ጫፍ ላይ ትንሽ "እ"። ቅንድቦቹ ብድግ ብለው ተመለሱ። ገላጩ ወዲያው "ፍርሃት" አለ። የከንፈሩ ግራ ጫፍ ግን እንደሚስቅ ሰው ሰብሰብ ብሎ ነበር።

 ይህን አዎ ታውቀዋለች። ልጅ ሳለች አገሩ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚለው። "በላሽ?" ሲሏት ቅንድብ ብድግ፣ ትንፋሽ ሳብ። "ደብተርሽን ያዝሽ?" ብድግ፣ ሳብ። ከዚያ ገላጭ መጣ፤ አውቶቡሱም፣ ባንኩም፣ ትምህርት ቤቱም ፊት ማንበብ ጀመረ። አንድ ሰው አውቶቡስ ውስጥ "ወራጅ አለ?" ሲባል እንደ ልማዱ ትንፋሹን ሳብ ቢያደርግ በሮቹ ተቆለፉ፣ መኪናው ቆመ፣ ፖሊስ መጣ፤ ሰውዬው ፈርቷል ተብሎ። ከተማው አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቀ። ሌላ ሰው ተያዘ፣ ሌላም ተያዘ፤ ሳቁ ቀረ። እናቶች ልጆቻቸውን "አፍሽን ከፍተሽ አዎ በይ፤ ግንባርሽን አታንቀሳቅሺ" ማለት ጀመሩ። ማንም ሳይከለክለው፣ ማንም ሳያለቅስለት፣ ያ አዎ ጠፋ። ይመርም ትቶት ነበር፤ ወይም የተወ መስሏት ነበር። ምላሱ ሲሄድ የድሮው ተመልሶ መጣ።

ቢሆንም አንድ ጥርጣሬ አልለቃት አለ። አዎም ፍርሃትም በዚያው ቅንድብ ነው የሚመጡት። እሷ ደግሞ መለየት ከተወች ቆይታለች።

"አክስቴ፣" አለች፣ "አንቺ ጠይቂው። ቤቱ መሄድ ይፈልግ እንደሆነ።"

"ይምሬ፣ ቤትህ ልትሄድ ትፈልጋለህ?"

ትንፋሽ ሳብ።

"ይኸው።"

"ልጅህን ትፈራለህ ወይ በይው።"

ዘምዘም ፊቷን አኮሳተረች። "ይኼ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?"

"በይው፣ በናትሽ።"

"ሰዓዳን ትፈራለህ እንዴ?"

ምንም አልተሰማም። ሰዓዳ ፊቱን አተኩራ አየች። ቅንድቦቹ ባሉበት ቀሩ። ዓይኖቹ ወደ እሷ ዞረው እዚያው ቆሙ። ሰዓዳ ወደ አክስቷ ዞረች።

"ታዲያ ምኑን ነው ማሽኑ የሚያየው?" አለች።

ዘምዘም የወንድሟን እጅ በሁለት እጇ አቀፈችው። እንደ ቀልደኛ ሳይሆን ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችው። "ይምሬ፣ ሞትን ትፈራለህ?"

ትንፋሹ ሳብ አለ። ካለፉት ሁሉ ይረዝም ነበር።

"እኔም እፈራለሁ፣ ወንድሜ" አለች። "ማን አይፈራም? ቤታችን ሆነን እንፈራለን።"

ሰዓዳ ገባት። አንባቢው አልዋሸም። አባቷ ቤቱ ሄዶ መሞት ይፈልጋል፤ ሞትንም ይፈራል። አንዱ ፊት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ ማሽኑ አንዱን ይሰማል። ነገም ያንኑ ይሰማል።

ኮሪደሩ ላይ ሲስተር አስካለን አገኘቻት። "ሌላ ጥያቄ ጠይቁት። 'ልጅህን ትፈራለህ?' ብላችሁ ጠይቁት። የሚፈራው እኔን አይደለም፤ አክስቴ ሰምታለች።"

"አክስትሽ ዓይነ ስውር ናቸው፣ ሰዓዳ። የፊት ምስክር እንዴት ይሆናሉ?"

"ጆሮ አላት እኮ!"

ሲስተር አስካለ ወዲያና ወዲህ አየች። "ጥያቄው አንድ ነው፣ መልሱ ፊት ነው። እኔ ልለውጠው አልችልም።" ልትሄድ ስትል ቆም አለች። "እዚህ ቤት ብዙ ፊት አይቻለሁ። ምንም የማይል ፊት ሲያይ አንባቢው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? 'ሰላም' ነው የሚለው።" ትሪዋን ይዛ ሄደች።

ሰዓዳ ወደ ክፍሉ ተመልሳ አልጋው ሥር ተንበረከከች። አባቷን አዎ እንዳይል ልትለምነው ነበር። የሚፈልገውን እንዲያገኝ መልስ እንዳይሰጥ።

ይመር ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበር። ሲሰፋ ያወራል፣ ሲለካ ይቀልዳል፤ ጨርቅ ሲቆርጥ ግን ሌላ ሰው ነው። መቀሱ ሱፍ ውስጥ ከገባ በኋላ ንጉሥ ቢጠራው አይመልስም። ፊቱ እንደ ጨርቁ ዝርግ ይላል። ደንበኛ "ይመር፣ ለዓርብ ይደርሳል?" ቢለው፣ ሚስቱ "ምሳ ቀረበ" ብትለው፣ ዝም ነው። መቀሱ ጠርዝ ላይ ደርሶ ሲወጣ ብቻ፣ ቀና ብሎ፣ ለቀደመው ጥያቄ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይመልሳል። ቅንድብ ብድግ፣ ትንፋሽ ሳብ። ሁሉም በዚህ ይስቅ ነበር።

"አባባ፣" አለችው፣ "ነገ ጠዋት ጨርቅ ትቆርጣለህ። ውድ ሱፍ ነው፣ ትርፍ የለውም። ይጠይቁሃል። አትመልስ። ቤት እስክንደርስ መቀሱ ከጨርቁ አይወጣም። ተስማማን?"

ቅንድቡ ብድግ ሊል ሲል ዘምዘም "ተው!" አለችው። "አሁንም አትመልስ። መቁረጥ ጀምረሃል።"

ፊቱ ባለበት ቆመ።

በማግስቱ ጠዋት ሰዓዳና አክስቷ ከመስታወቱ ጀርባ ቆሙ። ዘምዘም የሻሿን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከታ ነበር፤ "እንዳልመልስለት" ብላ። ኪሩቤል ሰሌዳዋን አበራ፤ ሰዓዳን አላያትም።

"ከልጅዎ ጋር ወደ ቤትዎ መሄድ ይፈልጋሉ?"

ይመር ወደ መጋረጃው ተመለከተ። መጋረጃው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ስፌት አለ፤ ዓይኑ በዚያ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ግንባሩ አልተንቀሳቀሰም። ሰሌዳዋ ግራጫ እንደሆነች ቀረች።

ሰዓዳ ቦርሳዋን እንዳትጨብጥ እጆቿን ጎኗ ላይ አደረገች። የእሷንም ፊት አንድ ነገር ያይ ይሆን? አታውቅም። ስለ ሱፍ አሰበች።

"ከልጅዎ ጋር ወደ ቤትዎ መሄድ ይፈልጋሉ?" አንባቢው ደገመው። እንደሚደግም ማንም አልነገራትም ነበር። ዘምዘም ሻሿን ነከሰች። የይመር ደረት ትንሽ ከፍ አለ፤ ቅንድቡ ሥር አንዲት ጅማት ተርገበገበች። ሰዓዳ የሞተች መሰላት። ከዚያ ግራ እጁን አየች። አንሶላው ላይ አውራ ጣቱና ጠቋሚው ይከፈታሉ፣ ይገጥማሉ፤ ይከፈታሉ፣ ይገጥማሉ። እየቆረጠ ነበር። አንባቢው እጅ አያይም።

ጅማቷ ዝም አለች።

"ሰላም" አለ ድምፁ። ሰሌዳዋ አረንጓዴ ሆነች።

ኪሩቤል ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለ። "እጃቸው ምን እየሠራ ነበር?" አላት ቀስ ብሎ።

"ካፖርት" አለችው።

መኪናው ራሱን እየነዳ ቁልቁል ወረደ። ይመር በተንጣለለው ወንበር ላይ ተኝቷል፤ ዘምዘም ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ሰዓዳ ከፊቱ ተቀምጣ ስታየው ገላጩ "ሰላም" ይላል። መስቀለኛ መንገዱን አለፉ፤ "ሰላም"። የድሮ ስፌት ቤቱ የነበረበትን ሕንፃ አለፉ፤ ዓይኑ እንኳ አልዞረም፤ "ሰላም"። ሰዓዳ መፍራት ጀመረች። ጣቶቹ ቆመዋል። እየታዘዛት ነው ወይስ ሄዷል? ፊቱ ምንም አይልም፤ ምንም እንዳይል ያስተማረችው እሷ ናት።

"አክስቴ፣" አለች፣ "ትንፋሹ..."

"አለ። ዝም በይ፤ እየሰማሁት ነው።" ዘምዘም ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አፉ አጠገብ አድርጋ ነበር። "ቀጭን ነው። ግን አለ።"

ሰዓዳ መነጽሯን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ያለ ሹክታ ሲታይ ፊቱ ባዶ አልነበረም። ምን እንደሚል አላወቀችም። የማን እንደሆነ ግን ታውቃለች። ያንን አጥብቃ ያዘች።

ሰፈራቸው ሆጤ ደረሱ። የግቢው በር ተከፍቶ ነበር፤ ጎረቤቶች ቆመዋል፣ ሁሉም መነጽር አድርገዋል። ወንዶቹ ተሸክመው አስገቡት፤ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋው ላይ አስተኙት። የድሮ የስፌት መኪናው፣ የተሸፈነው ዚንገሩ፣ ጥግ ላይ ነበር። ዘምዘም በእጇ እየዳሰሰች አጠገቡ ተቀመጠች።

ሰዓዳ ወደ ፊቱ ጎንበስ አለች። "አባባ፣ ደርሰናል። ቤትህ ነው። ጨርሰሃል፤ መቀሱን አስቀምጥ።"

 ከዚያ ዓይኖቹ ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ ዚንገሩን ዞረው እሷ ላይ መጡ። ቅንድቦቹ ብድግ አሉ፤ ከትናንት፣ ከትናንት ወዲያ ሁሉ ከፍ ብለው። ትንፋሹ ወደ ውስጥ ሳብ አለ፤ ረጅም፣ ጥርት ያለ፣ ለቀደመው ጥያቄ ሁሉ።

ጠበቁ። ወደ ውስጥ የገባችው ትንፋሽ አልወጣችም።

ከጎረቤቶቹ አንዷ ወደ ኋላ አፈገፈገች። "ፈርተው ነበር" አለች በሹክሹክታ። "ገላጬ 'ፍርሃት' አለ። ፈርተው ነው የሄዱት፣ ምስኪን።" ሌላውም ራሱን ነቀነቀ፤ የእሱም እንደዚያ ብሎት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ቃል ሰምቷል።

ዘምዘም ለእነሱ መልስ አልሰጠችም። የወንድሟን ዓይኖች በጣቷ ፈልጋ ዘጋች። "ኢና ሊላሂ" አለች። ከዚያ ፊቷን ሰዓዳ ወዳለችበት አዞረች። እንባዋ በጉንጯ ወርዶ ነበር።

"እኔ ትንፋሹን ሰምቻለሁ" አለች። "ቅንድቡን ግን አላየሁም። አንቺ አይተሻል። ሰዓዳ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አዎ ነው ያለው?"

ሰዓዳ አፏን ከፍታ ልትናገር ነበር፤ እንደተማረችው፣ ግንባሯን ሳታንቀሳቅስ። መልሳ ዘጋችው። ጎረቤቶቹ ሁሉ ያዩዋታል።

ቅንድቧ ብድግ አለ። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች።

በየጆሮው ገላጮቹ ሹክ ሲሉ፣ አንዲት ሴት ልትደግፋት እየሮጠች መጣች። ዘምዘም ግን ሰምታ ነበር።

"እሺ፣ ልጄ" አለች፤ የወንድሟን እጅ ደረቱ ላይ አስቀመጠችለት።